ውል ሲጣስና ውል ሲያበቃ
ከገዢ ጋር ተዋውለው ለሚያመርቱ ሞዴል አርሶ አደሮች የተዘጋጀ የሥልጠና ጽሑፍ

ምርትን አስቀድሞ ከገዢ ጋር ተዋውሎ ማምረት በብቅል ገብስ፣ በስንዴ፣ በአኩሪ አተርና በሌሎችም ሰብሎች እየተለመደ የመጣ አሠራር ነው። አርሶ አደሩ ዘርና ማዳበሪያ በዱቤ ያገኛል፤ ምርቱን የሚረከበውንም ገና ሳይዘራ ያውቃል። ገዢው ደግሞ የሚፈልገውን ዓይነትና ጥራት ከአንድ አካባቢ በብዛት ይሰበስባል። ይህ ሁሉ የሚሠራው ግን ሁለቱም ወገኖች ቃላቸውን ሲጠብቁ ነው። ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ አውድማው ሲሞላ ወደ ወረዳና ወደ ቀበሌ ጽሕፈት ቤቶች የሚመጣው አቤቱታም አብሮ ይበዛል።

በአቤቱታዎቹ ውስጥ «ውሉ ፈርሷል» የሚል አነጋገር ተደጋግሞ ይሰማል። የገዢው መኪና በቀጠሮው ቀን ስላልመጣ አርሶ አደሩ «ውሉ ፈርሷል» ብሎ ገብሱን ለመንደር ነጋዴ ይሸጣል። በሌላ በኩል ገዢው ከ12 ኩንታል ውስጥ ሁለቱን እርጥበት ይዘው ስላገኛቸው «ውሉ ፈርሷል» ብሎ ሙሉውን ይመልሳል። ሁለቱም አልተረዱትም። አንዱ ወገን ስላጠፋ ብቻ ውል በራሱ አይፈርስም። የተበደለው ወገን የሚያገኘው የመጠየቅ መብት ነው፤ የሚጠየቅበት ሥርዓትም አለው። ሥርዓቱን ሳይከተል ውሉን የተወ ሰው ተበድሎ ሳለ በዳይ ሆኖ ሊገኝ ይችላል። ይህ ጽሑፍ በዋናነት የሚያስረዳው ይህንኑ ነው።

ለውል ሁሉ መሠረቱ የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ ነው። የግብርና ምርት ውልን ለይቶ የሚመለከት አዋጅ ቁጥር 1289/2015ም ወጥቷል። ከዚህ በታች በቁጥር የተጠቀሱት አንቀጾች ሁሉ የፍትሐ ብሔር ሕጉ ናቸው። አንቀጽ መሸምደድ አያስፈልጋችሁም። ቁጥሩ የተጻፈው ከገዢው የሕግ ባለሙያ ጋር ስትነጋገሩ ወይም ማመልከቻ ስታስጽፉ እንዲረዳችሁ ነው።

ውሉ ከማን ጋር ነው?

ውል ተጣሰ ከማለታችን በፊት የጸና ውል መኖሩንና ተዋዋዩ ማን እንደሆነ መለየት ያስፈልጋል። በብዙ ቦታ ከፋብሪካው ጋር የሚፈራረመው ዩኒየኑ ነው፤ ዩኒየኑ ከመሠረታዊ ኅብረት ሥራ ማኅበሩ ጋር፣ ማኅበሩ ደግሞ ከአባሉ ጋር ይዋዋላል። በዚህ ዓይነት አሠራር የአርሶ አደሩ ተጠያቂ ማኅበሩ ነው፤ አርሶ አደሩም የሚጠየቀው ለማኅበሩ ነው። «ፋብሪካው አልከፈለኝም» ብሎ በቀጥታ ፋብሪካውን መክሰስ ብዙ ጊዜ ውጤት የማያመጣው ለዚህ ነው። ስለዚህ የፈረማችሁበትን ወረቀት አውጡና በመጀመሪያው ገጽ ላይ ማንና ማን «ተዋዋይ ወገኖች» ተብለው እንደተጻፉ ተመልከቱ። የልማት ጣቢያ ሠራተኛው በውሉ ላይ ቢፈርም እንኳ እንደ ምስክር ነው እንጂ ዋስ አይደለም። «ባለሙያው ነው ያስገባኝ» ማለት በሽምግልናም በፍርድ ቤትም አያዋጣም።

የጽሑፍ ውል ተዋዋዮቹ ሊፈርሙበትና በሁለት ምስክሮች ሊረጋገጥ ይገባል (አንቀጽ 1727)። ማንበብ የማይችል ወይም ማየት የተሳነው ሰው ፊርማ ወይም የጣት አሻራ በሰነድ አረጋጋጭ፣ በመዝጋቢ ወይም በዳኛ ፊት ካልተረጋገጠ በቀር ሰውየውን አያስገድደውም (አንቀጽ 1728)። አንድ ቀን ተሰብስቦ በስም ዝርዝር ላይ አሻራ ማሳረፍ ለሁለቱም ወገን ደካማ ማስረጃ ነው። በቡድናችሁ ውስጥ አሻራ የሚያደርጉ አባላት ካሉ ማረጋገጡ በፊርማው ቀን አብሮ እንዲፈጸም ገዢውን ጠይቁ።

ሌላው ጥንቃቄ የስልክ ስምምነት ነው። በጽሑፍ የነበረ ዋጋ ወይም የርክክብ ቀን በስልክ «እሺ» ተባብሎ ሲለወጥ፣ ክርክር የመጣ ዕለት የሚታየው ወረቀቱ ነው። ውሉን የሚለውጥ ማንኛውም ነገር እንደ ውሉ ሁሉ ተጽፎና ተፈርሞ ከውሉ ጋር ይያያዝ።

ውል መጣስ ምን ምን ይመስላል?

ምርቱን ጨርሶ አለማስረከብ፣ አሳንሶ ወይም አዘግይቶ ማስረከብ፣ ሌላ ዝርያ መቀላቀል፣ ለሌላ ነጋዴ መሸጥ በአርሶ አደሩ በኩል የሚታዩ ጥሰቶች ናቸው። በገዢው በኩል ደግሞ ግብዓት በወቅቱ አለማቅረብ፣ ምርቱን አለመረከብ፣ በርክክብ ዕለት ዋጋ መቀነስ፣ ክፍያ ማዘግየትና የተዛባ ሚዛን መጠቀም ይታያሉ። እነዚህ ለማንም ግልጽ ስለሆኑ አናብራራቸውም። አስቸጋሪው የጥራት ጉዳይ ነው።

የብቅል ገብስን እንውሰድ። ብቅል ማለት የበቀለ እህል ነውና ገብሱ ሕያው መሆን አለበት፤ ከመቶ ፍሬ 95ቱና ከዚያ በላይ እንዲበቅል ይፈለጋል። ፕሮቲኑ ደግሞ በአብዛኛው ከ9 እስከ 12 በመቶ ባለው መካከል እንዲሆን ይጠየቃል። ዩሪያ በዝቶ ወይም ዘግይቶ የተጨመረበት ማሳ ዓይን የሚሞላ አዝመራ ይሰጥ ይሆናል፤ ፕሮቲኑ ግን ከፍ ይልና ምርቱ ለብቅል አይሆንም። የታጨደው ሳይወቃ ዝናብ ከመታውም በነዶው ላይ እያለ ይበቅላል፤ የበቀለ ፍሬ ብቅል ፋብሪካ ገብቶ ዳግመኛ አይበቅልም። እንግዲህ ውሉ «ጥራቱን የጠበቀ ምርት» ብቻ የሚል ከሆነ ምንም አላለም ማለት ነው። እርጥበቱ ስንት፣ ባዕድ ነገሩ ስንት፣ ፕሮቲኑ ከስንት እስከ ስንት፣ የሚለካው የት ቦታ፣ በማን መሣሪያ፣ ማን ባለበት እንደሆነ በቁጥርና በስም መጻፍ አለበት።

በርክክብ ዕለት ናሙና ሲወሰድ ሦስት ቦታ እንዲከፈል አድርጉ። አንዱ ለገዢው፣ አንዱ ለእናንተ ወይም ለማኅበሩ፣ ሦስተኛው ታሽጎና ሁለታችሁም ፈርማችሁበት በገለልተኛ ወገን እጅ ይቀመጥ። ገዢው ከሁለት ሳምንት በኋላ «ምርመራው አላለፈም» ቢል የሚዳኛችሁ ሦስተኛው ናሙና ነው። ይህን ያላደረገ አርሶ አደር ገብሱ ከሌላው ሰው ገብስ ጋር ከተቀላቀለ በኋላ ምንም ማስረዳት አይችልም።

የጥራት ጉድለት ሁልጊዜ የአርሶ አደሩ ጥፋት አለመሆኑንም አስተውሉ። ዩሪያውን ሊያቀርብ የተዋዋለው ገዢው ሆኖ ከሦስት ሳምንት በላይ ያዘገየው እንደሆነ፣ ለፕሮቲኑ መብዛት እሱም ይጠየቃል። የራሱን ድርሻ ያልፈጸመ ወይም ለመፈጸም ዝግጁ ያልሆነ ወገን ሌላውን «ፈጽም» ሊል አይችልምና (አንቀጽ 1757)። ጆንያ አቀርባለሁ ብሎ ያላቀረበ ገዢ የጆንያውን ዓይነት ምክንያት አድርጎ ምርት ቢመልስም እንዲሁ ነው። ይህን ለማስረዳት ግን ግብዓቱ የደረሰበት ቀን በደረሰኙ ላይ መጻፍ አለበት። ቀን የሌለው ደረሰኝ አትፈርሙ።

ማስጠንቀቂያ

አብዛኛው አርሶ አደር መብቱን የሚያጣው እዚህ ላይ ነው። ሕጉ እንደሚለው አንድ ወገን ሌላው ውሉን አልፈጸመም ብሎ መከራከር የሚችለው፣ እንዲፈጽም በማስጠንቀቂያ ከጠየቀው በኋላ ነው (አንቀጽ 1772)። ማስጠንቀቂያው በጽሑፍ ወይም ግዴታው እንዲፈጸም መፈለጋችሁን በሚያሳይ ሌላ ድርጊት ሊሰጥ ይችላል፤ የሚሰጠው ግን ግዴታው የሚፈጸምበት ጊዜ ከደረሰ በኋላ ነው (አንቀጽ 1773)። በጥቅምት ወር፣ ምርቱ ገና ሳይታጨድ፣ «አትረከቡኝም ብዬ ሰግቻለሁ» ብሎ መጻፍ ማስጠንቀቂያ አይባልም።

በቃል «ኧረ ኑና ውሰዱልኝ» ማለትም ጥያቄ ነው፤ ግን ማን ያስረዳዋል? የሚከተለውን የመሰለ አጭር ደብዳቤ ይበቃል፦

«ቀን፦ ታኅሣሥ 3
ለ፦ (የገዢው ወይም የማኅበሩ ስም)
ጉዳዩ፦ የውል ግዴታችሁን እንድትፈጽሙ ስለማሳሰብ

ግንቦት 20 ቀን በተፈራረምነው ውል መሠረት 12 ኩንታል የብቅል ገብስ እስከ ኅዳር 30 ቀን ድረስ ከቀበሌው መጋዘን ልትረከቡኝ ተስማምተናል። ምርቱ ተወቅቶና ተበጥሮ ለርክክብ ዝግጁ መሆኑን ኅዳር 22 ቀን አሳውቄአችኋለሁ። እስከ ዛሬ ግን አልተረከባችሁኝም። ይህ ደብዳቤ ከደረሳችሁ ቀን ጀምሮ በ10 ቀን ውስጥ እንድትረከቡኝና ዋጋውን እንድትከፍሉኝ እጠይቃለሁ። በዚህ ጊዜ ውስጥ ካልፈጸማችሁ ከዚያ በኋላ አፈጻጸሙን የማልቀበል መሆኔን፣ ምርቱን ለሌላ ገዢ ሸጬ የሚደርስብኝን ኪሳራ የምጠይቅ መሆኔን አስታውቃለሁ።
ስምና ፊርማ»

የደብዳቤው ዋና ነገር የተሰጠው የጊዜ ገደብ ነው። ጊዜው ካለፈ በኋላ አልቀበልም ማለት ትችላላችሁ፤ የምትሰጡት ጊዜ ግን እንደ ነገሩ ዓይነት በቂ መሆን አለበት (አንቀጽ 1774)። መጋዘን ላለ ገብስ 10 ቀን ተገቢ ሊሆን ይችላል። ለቲማቲም 10 ቀን መስጠት ማለት ቲማቲሙን መድፋት ነው፤ ለእሱ አንድ ቀንም ብዙ ሊሆን ይችላል። ደብዳቤውን በሁለት ቅጂ አዘጋጁ፤ አንዱን ስጡ፣ በሌላው ላይ «ተቀብያለሁ» አስብላችሁ ከቀን ጋር አስፈርሙ። አልፈርምም ያለ እንደሆነ ሁለት ሰዎች ባሉበት ሰጥታችሁ እነሱን በምስክርነት አስፈርሙ። በስልክ የተላላካችሁትን መልእክትም አታጥፉ።

ማስጠንቀቂያ የማያስፈልግበት ጊዜም አለ (አንቀጽ 1775)። ሌላው ወገን «አልፈጽምም» ብሎ በጽሑፍ ያስታወቀ እንደሆነ፣ ግዴታው በተወሰነ ጊዜ ብቻ ሊፈጸም የሚችል ሆኖ ያ ጊዜ ያለፈ እንደሆነ፣ ወይም ቀኑ ሲያልፍ ያለ ማስጠንቀቂያ ጥፋተኛ እንደሚሆን በውሉ ላይ የተጻፈ እንደሆነ ማስጠንቀቅ አይጠበቅባችሁም። ለሰኔ ዘር የተባለ ዘር በመስከረም ቢመጣ ማስጠንቀቂያ ምን ይሠራል? ቢሆንም ጥርጣሬ ካለ ጻፉ። ደብዳቤ ጽፎ የተጎዳ የለም።

ይህ ሥርዓት በእናንተም ላይ ይሠራል። ከገዢው ወይም ከማኅበሩ ማስጠንቀቂያ ሲደርሳችሁ «ምን ያመጣል» ብሎ ኪስ ውስጥ ማስቀመጥ አደገኛ ነው። በተሰጠው ጊዜ ውስጥ የምትችሉትን አስረክቡ፤ ያልቻላችሁትንም ምክንያቱን በጽሑፍ መልሱ።

ከማስጠንቀቂያው በኋላ

ጊዜው አልፎ ግዴታው ካልተፈጸመ የተበደለው ወገን እንደ ነገሩ ሁኔታ ውሉ እንዲፈጸምለት ወይም እንዲሰረዝለት መጠየቅ ይችላል፤ በዚህ ላይ የደረሰበትን ኪሳራ ይጠይቃል (አንቀጽ 1771)። ውልን ለመሰረዝ ሁልጊዜ ፍርድ ቤት መሄድ አያስፈልግም። በውሉ ላይ የመሰረዝ መብት የተጻፈ እንደሆነ (አንቀጽ 1786) ወይም በማስጠንቀቂያ የተሰጠው በቂ ጊዜ ያለፈ እንደሆነ (አንቀጽ 1787) ራሳችሁ መሰረዛችሁን ማስታወቅ ትችላላችሁ። ውል የሚሰረዘው ግን መሠረታዊ የሆነ ግዴታ ሲጣስ ነው (አንቀጽ 1785)። ከ12 ኩንታል ሁለቱ እርጥበት መያዛቸው ሁለቱን አድርቆ ለማምጣት ወይም ዋጋቸውን ለመቀነስ ምክንያት ይሆናል፤ ሙሉውን ውል አያሰርዝም። የመኪናው ሦስት ቀን መዘግየትም እንደዚያው ነው።

በቁጥር እንየው። ቁጥሮቹ ለምሳሌ ብቻ የተሰጡ ናቸው። የውሉ ዋጋ በኩንታል 5,000 ብር፣ ምርቱ 12 ኩንታል፣ ጠቅላላው 60,000 ብር ይሁን። ገበያው ወርዶ ገዢው ጠፋ። አርሶ አደሩ አስጠነቀቀ፤ 10 ቀን ጠበቀ፤ ከዚያ በ4,400 ብር ለሌላ ሸጠ። የዋጋው ልዩነት 600 ብር በ12 ኩንታል ሲባዛ 7,200 ብር ነው። ይህንና ገበያ ለማድረስ ያወጣውን የትራንስፖርት ወጪ ከገዢው ይጠይቃል። ለሌላ የሸጠበት ደረሰኝና የዚያን ቀን የገበያ ዋጋ መረጃ በእጁ መኖር አለበት። ገዢው ጠፋ ብሎ ገብሱን በሜዳ ትቶ ዝናብ ቢያበላሽበት ግን የ60,000 ብሩን ሁሉ አያገኝም። የተበደለ ሰው ጉዳቱን ለመቀነስ የሚችለውን ማድረግ አለበትና (አንቀጽ 1802)።

አሁን ደግሞ ገበያው ወጣ እንበል። ነጋዴው ጥሬ ገንዘብ ይዞ በኩንታል 5,600 ብር ሊገዛ አውድማ ድረስ መጣ። አርሶ አደሩ 7,200 ብር ትርፍ ታየው፤ ሸጠም። በውሉ ላይ ግን «ግዴታውን ያልፈጸመ ወገን የውሉን ዋጋ 20 በመቶ ይከፍላል» ተብሎ ተጽፏል። ይህም 12,000 ብር ነው። ትርፉ ሲቀነስ 4,800 ብር ከኪሱ ይወጣል፤ የዘሩና የማዳበሪያው ዕዳ በዚህ ላይ ይጨመራል። በሚቀጥለው ዓመት ምርጥ ዘር ሲከፋፈል ስሙ ከዝርዝሩ ቢወጣም የሚገርም አይሆንም። እንዲህ ያለውን አስቀድሞ በውል የተወሰነ ክፍያ ሕጉ «ገደብ» ይለዋል (አንቀጽ 1889 እና ተከታዮቹ)። ግዴታው በከፊል የተፈጸመ እንደሆነ ፍርድ ቤት ገደቡን ሊቀንሰው ይችላል (አንቀጽ 1893)። ብዙ የውል ቅጾች ገደቡን በአርሶ አደሩ ላይ ብቻ ይጽፋሉ። ስትዋዋሉ «በገዢውም ላይ ይጻፍ» ማለት መብታችሁ ነው።

የዋጋ መውጣትም ሆነ መውረድ ከውል ነጻ አያወጣም። አፈጻጸሙ አስቀድሞ ከታሰበው በላይ ከባድ ቢሆንም ውሉ እንደጸና ይቆያል (አንቀጽ 1764)። ይህ ገበያ በወጣበት ዓመት መራራ ነው፤ ገበያ በወደቀበት ዓመት ደግሞ የሚያድናችሁ ይኸው አንቀጽ ነው። በእኔ አስተያየት ለሁለቱም ወገን የሚበጀው ዝቅተኛ ዋጋ ተወስኖ፣ በርክክብ ሰሞን ያለው የገበያ ዋጋ ከዚያ በላይ ከሆነ ልዩነቱ እንዴት እንደሚካፈል የሚጻፍበት ውል ነው። አንድ ቁርጥ ዋጋ በግንቦት ጽፎ በታኅሣሥ መጠበቅ ሁለቱንም ለፈተና ያጋልጣል።

ስለ ቀብድ አንድ ነገር

ገዢው ሲዋዋል የሚሰጣችሁ ገንዘብ በደረሰኙ ላይ ምን ተብሎ እንደተጻፈ ልብ በሉ። «ቅድሚያ ክፍያ» ከሆነ የዋጋው ክፍል ነው፤ በመጨረሻው ሒሳብ ላይ ይቀነሳል። «ቀብድ» ከሆነ ግን ሌላ ትርጉም አለው። ሌላ ስምምነት ከሌለ በቀር ቀብድ የሰጠ ወገን ቀብዱን ትቶ ውሉን ሊሰርዝ ይችላል፤ ቀብድ የተቀበለ ወገን ደግሞ ውሉን ቢሰርዝ እጥፉን ይመልሳል (አንቀጽ 1885)። 10,000 ብር ቀብድ ተቀብላችሁ ለሌላ ብትሸጡ 20,000 ብር ትመልሳላችሁ ማለት ነው። ገዢውም 10,000ውን ትቶላችሁ ሊሄድ ይችላል። 60,000 ብር የሚያወጣ ምርት ይዞ ለቀረ ሰው ይህ በቂ መሆኑንና አለመሆኑን ከመፈረማችሁ በፊት አስቡበት።

ከአቅም በላይ የሆነ ነገር

ውሉን ያልፈጸመ ወገን ከኪሳራ ነጻ የሚሆነው ሊገምተውና ሊከላከለው የማይችል፣ ከመፈጸምም ፈጽሞ የከለከለው ነገር ሲያጋጥመው ነው። ሕጉ እንደ ሁኔታው ከሚቆጥራቸው መካከል የመሬት መንቀጥቀጥ፣ መብረቅና ጎርፍ፣ ጦርነት፣ የመንግሥት ክልከላ፣ የባለግዴታው ሞት ወይም ያልታሰበ ከባድ ሕመም ይገኙባቸዋል (አንቀጽ 1793)። ለሥራው የሚያስፈልገው ጥሬ ዕቃ ዋጋ መጨመሩ ወይም መቀነሱ ግን ከአቅም በላይ አይባልም (አንቀጽ 1794)። «ገብስ ተወደደብን» የሚል ገዢና «ማዳበሪያ ተወደደብኝ» የሚል አርሶ አደር በዚህ እኩል ናቸው።

በማሳ ላይ ሲታይ ነገሩ እንዲህ ቀላል አይደለም። በአንድ ቀን ማሳውን ያወደመ በረዶ አከራካሪ አይሆንም። የስንዴ ዋግ ግን በየዓመቱ የሚጠበቅ፣ መድኃኒትም ያለው በሽታ ነው። አሰሳ ያላደረገ፣ መድኃኒት በእጁ እያለ ያልረጨ ሰው «ከአቅሜ በላይ ነበር» ቢል ተቀባይነት ማግኘቱ ያጠራጥራል። ረጭቶ ያልዳነለት ደግሞ የረጨበትን ቀንና የመድኃኒቱን ደረሰኝ ሊያቀርብ ይገባል። ውርጭ በሚያውቀው ደጋ ላይ ያለ አርሶ አደርም ይኸው ጥያቄ ይጠብቀዋል።

ጉዳት ሲደርስ ሁለት ነገር ሳይውል ሳያድር ይደረግ። ለገዢው ወይም ለማኅበሩ ወዲያውኑ አሳውቁ፤ ማዘግየቱ ራሱ ተጠያቂ ያደርጋል። የተጎዳው ማሳ ሳይታረስና ከብት ሳይገባበት ደግሞ የቀበሌው ባለሙያና ኮሚቴ እንዲያዩትና ቃለ ጉባኤ እንዲይዙ አድርጉ። ከአንድ ወር በኋላ በባዶ ማሳ ላይ ቆሞ «እዚህ ነበር» ማለት አያስረዳም። ጉዳቱ በከፊል ከሆነ የተረፈው ምርት ይረከባል፤ 12 ኩንታል ተዋውሎ 5 ኩንታል የተረፈለት ሰው አምስቱን ለውል ገዢው ማስረከብ አለበት። በዱቤ የወሰዳችሁት ዘርና ማዳበሪያስ? ሰብሉ ስለጠፋ ብቻ ዕዳው ተሰረዘ ማለት አይደለም። ሰብል ሲወድም የግብዓቱን ዕዳ ማን እንደሚሸከም፣ ወይም ለሚቀጥለው ዓመት ይተላለፍ እንደሆነ በውሉ ላይ አስቀድሞ መጻፍ አለበት። በአብዛኛዎቹ ቅጾች ላይ ይህ የለም፤ አስጽፉት።

ውል የሚያበቃባቸው መንገዶች

ዋናውና የሚፈለገው መንገድ መፈጸም ነው፤ ምርቱ ተረክቦ ዋጋው ሲከፈል ውሉ አበቃ። በዚያን ዕለት የሒሳብ መዝጊያ ወረቀት ተፈራረሙ። ገዢው የዱቤውን ግብዓት ከዋጋው ላይ አቻችሎ ከቀነሰ፣ የዘሩ ስንት፣ የማዳበሪያው ስንት፣ የወለዱ ስንት እንደሆነ በዝርዝር እንዲጽፍላችሁ ጠይቁ። «ተቀናንሷል» የሚል አንድ ቃል ሒሳብ አይደለም።

ሁለታችሁም ተስማምታችሁ ውሉን ልትተዉት ትችላላችሁ (አንቀጽ 1819)፤ ይህም በጽሑፍ ይሁን። አሮጌው ውል በአዲስ ውል ሊተካም ይችላል፤ እንዲህ ሲሆን አዲሱ ውል የቀድሞው ቀሪ መሆኑን በግልጽ ይናገር፤ አለበለዚያ በሁለት ውል ትጠየቃላችሁ። የጊዜ ገደብ የሌለውን ውል አንዱ ወገን በቂ ማስታወቂያ ሰጥቶ ሊያቋርጠው ይችላል፤ ለአንድ የምርት ዘመን የተደረገውን ግን በመካከል «ሰለቸኝ» ብሎ መተው አይቻልም።

በመሰረዝ ሲያበቃ ተዋዋዮቹ በተቻለ መጠን ከውሉ በፊት ወደነበሩበት ይመለሳሉ (አንቀጽ 1815)። ስለዚህ ውሉ ቢሰረዝም ቅድሚያ ክፍያው ይመለሳል፤ የግብዓቱ ዋጋም ይከፈላል። ውሉን አሰርዞ የገዢውን ዘር በነጻ ማስቀረት የለም።

ከመጀመሪያው ጉድለት ያለበት ውልም አለ። በማታለል፣ በማስገደድ ወይም መሠረታዊ በሆነ ስሕተት የተፈረመ ውል እንዲፈርስ መጠየቅ ይቻላል፤ ጊዜው ግን አጭር ነው፤ ምክንያቱ ከቀረበት ጊዜ ጀምሮ በሁለት ዓመት ውስጥ መቅረብ አለበት (አንቀጽ 1810)። ከሕግ ውጭ የሆነ ነገር የተዋዋሉበት ደግሞ ከመጀመሪያውም አይጸናም። የመሬት ሽያጭ ውል ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው፤ አሥር ምስክር ቢፈርምበትም ውል አይሆንም።

አቤቱታ ለማቅረብ

ብዙው ጉዳይ በድርድርና በሽምግልና ያልቃል፤ እንዲያልቅም ይመከራል። የገበሬና የፋብሪካ ግንኙነት ለአንድ ዓመት ብቻ አይደለምና። ሽማግሌዎቹ የደረሱበትን ስምምነት በጽሑፍ አድርጋችሁ ተፈራረሙበት። በውሉ ላይ «አለመግባባት በግልግል ዳኝነት ይታያል» የሚል ካለ ፍርድ ቤት ከመሄዳችሁ በፊት ያንን መንገድ ተከተሉ፤ ግልግሉ በየትኛው ከተማ እንደሚካሄድና ወጪውን ማን እንደሚሸፍን ግን ከመፈረማችሁ በፊት አንብቡ።

ወደ ወረዳ ግብርና ጽሕፈት ቤት፣ ወደ ኅብረት ሥራ ጽሕፈት ቤትም ሆነ ወደ ፍርድ ቤት ስትሄዱ የውሉን ቅጂ፣ የግብዓት ደረሰኞችን፣ የናሙናና የሚዛን ወረቀቶችን፣ የማስጠንቀቂያውን ቅጂ ከነመቀበያ ፊርማው፣ ጉዳት ደርሶ ከሆነም ቃለ ጉባኤውን ይዛችሁ ቅረቡ። ሁሉም በአንድ የፕላስቲክ ከረጢት ተደርገው ቤት ውስጥ አይጥና እርጥበት በማይደርስበት ቦታ ይቀመጡ። በሕጉ ሌላ ጊዜ ካልተወሰነ በቀር ውል እንዲፈጸም፣ ወይም ስላልተፈጸመ ኪሳራ የሚጠየቅበት የይርጋ ጊዜ 10 ዓመት ነው (አንቀጽ 1845)። ይህን ተማምኖ መቀመጥ ግን አይበጅም፤ የመጋዘኑ ጠባቂ ይቀየራል፣ የገዢው ወኪል ወደ ሌላ ወረዳ ይዛወራል፣ በሚዛኑ ላይ የነበረው ምስክርም የስንት ኩንታል ነገር እንደነበረ በሁለተኛው ዓመት አያስታውሰውም። ርክክቡ የተበላሸበት የምርት ዘመን ሳያልፍ፣ የሚቀጥለው ዘር ሳይዘራ፣ አቤቱታችሁን አቅርቡ።